ዋሄንን የጠበቀው ቻይናዊ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «የውጭ አገር ዘጋቢ ነኝ፤ የቻይናን ንግድና ኑሮ ነው የምዘግበው» እላለሁ። ቻይናን ግን ረግጬ አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሐርጌሳ ስልክ እሸጥ ነበር። አዲስ አበባ ያለ የኢንተርኔት ሬዲዮ አዘጋጅ «ስለ ቻይና ንግድ የሙከራ ዘገባ ላኪ። የቻይናዊ ድምፅ ከሌለበት ግን እርሺው» አለኝ። በደስታ ዘለልኩ! ከዚያ ቁጭ አልኩ። የቻይና ዕቃው ሞልቷል፤ ቻይናዊው ከየት ይምጣ?

ዋሄን ገበያ መሀል አገኘሁት። ቴርሞስ አስመጪ ነው፤ ገበያው እንዴት እንደሆነ ሊያይ መጥቷል። ልጠጋው ስል የቀትር ሶላት፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ነጋዴው እንደ ልማዱ ዕቃው ላይ ጨርቅ ጣል እያደረገ ወደ መስጊድ ነጎደ። ቴርሞስ ሻጩ ሽማግሌም ለእንግዳቸው ለቻይናዊው ወንበር አሳይተውት ሄዱ። አረፍ በል ማለታቸው ነው። እሱ ጠብቅልኝ ያሉት መሰለው።

ስደርስ በቴርሞስ ክዳን ፍየል ያባርራል። «ሂጂ! ሂጂ አልኩ!» በአማርኛ!

«አማርኛ ትችላለህ?»

«ዱከም ጫማ ፋብሪካ ሠራሁ» አለ፣ ዓይኑን ከፍየሏ ሳይነቅል።

ስልኬን አፉ ሥር ደቀንኩ፤ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አወፈርኩ። «ቻይናውያን ከዚህ አካባቢ የምትፈልጉት ምንድን ነው?»

«እህቴ፣ ሽንት ቤት።»

«እ?»

«በጣም ቆየ። ግን ዕቃው የሰው ነው። ሌባ ይመጣል።»

«ኧረ እዚህ ማንም አይነካውም! በል ሂድ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ስትመለስ ስለ ንግድህ ታወራኛለህ።»

«አንቺ ሌባ ብትሆኚስ?»

መታወቂያዬን በመያዣነት ተቀብሎኝ በረረ። በሳቅ ሆዴን ያዝኩ።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኗል። መንደሩ በሙሉ ክዳን እንደሚሠራ፣ ቀለሙን ሚስቱ እንደምትመርጥ፣ እናቱ እሱ ዱባይ ያለ እንደሚመስላቸው፣ ሁሉን ለፈለፈ። ሽማግሌው ተመልሰው በሱማሊኛ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ለምን ቆመ?» አሉኝ።

«ሱቅዎን እየጠበቀ።»

«ከማን?»

«ከፍየል!»

ወላሂ፣ ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ድምፁን ምኑንም ሳልቆርጥ ላክሁት። አዘጋጁ ደወለ። «ዘጋቢ አይስቅም።»

«እሺ፣ የሳቅኩበትን ቁረጡት።»

«እሱ ከተቆረጠ ምን ይተርፋል? ተቀጥረሻል! አሁኑኑ መታወቂያሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

ቦርሳዬን በረበርኩ። የለም። ቻይናዊው ኪስ ውስጥ ነው! ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ዋሄን እየሳቅኩ ሮጥኩ።