ለፕሬዚዳንቱ ጠበቃ የሆንኩበት ሰሞን

የክርክሩ ዕጣ ሲወጣ እኔ የደረሰኝ «ኖሯል» የሚለው ወገን ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ መካነ ሰላም፣ እንደ እኔ ትምህርት አቋርጠው የተመለሱ ትልልቅ ሰዎች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነን። የታሪክ አስተማሪያችን በዕድሜ የሚያንሰኝ የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ በወጉ አልበቀለም። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ የጻፈው፣ ኋላም ፕሬዚዳንት የሆነው አሜሪካዊ በቃሉ ኖሯል ወይስ አልኖረም? ሰውየው በዕድሜው በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎች እንደነበሩት ባለፈው ቅዳሜ ተምረናል።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ እኔን! ዐረብ አገር የሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ሴት ለባሪያ አሳዳሪ ጠበቃ ልቁም?

«ቀይርልኝ» አልኩት።

«ክርክር እኮ ነው፤ እምነትሽን አልጠየቅሁሽም። አብሽሪ» አለኝ እየሳቀ።

እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ ያን ሰሞን ለሳቅ የሚሆን አንጀት አልነበረኝም። ታናሽ እህቴ ክርክሩ ከሚደረግበት ከሚቀጥለው ቅዳሜ ወዲያ ባለው ሰኞ እኔ ወደ ሠራሁበት አገር ልትሄድ ነው። ነገሩን ሁሉ ያሰናዱላት የክርስትና አባቷ ናቸው። ለአባቴ አበልጁ ናቸው፤ የተከበሩ ሰው። በየስብሰባው ይነሱና ልጆቻችንን ለደላላ አንስጥ፣ የሰው ልጅ ዕቃ አይደለም ሲሉ ሰው እንባውን ይጠርጋል። ለእህቴ ግን «የማውቀው ሰው አለ፤ እንደ ሌሎቹ አይደለም» አሉና ጨረሱት። በማን በኩል፣ ማን ቤት ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ ዘንድ አበልጅ አይጠየቅም። በእግዚአብሔር ፊት የተዛመዱትን ሰው ማረጋገጫ አምጣ ማለት ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ይቆጠራል። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። እህል ግን አልወርድ አለኝ።

ሳምንቱን ስለ ሰውየው ሳነብ ከረምኩ። ኔትወርክ ሲመጣ በስልኬ፣ ሲጠፋ አስተማሪው ባባዛልን ወረቀት። ለጥብቅና የሚሆን ነገር አላጣሁም። ከባሕር ማዶ ባሪያ ማስገባትን የሚከለክለውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው። ባርነት ክፉ እንደሆነም ደጋግሞ ጽፏል። ይኼ ይበቃኛል ብዬ ልተወው ስል ልጅቷን አገኘኋት።

ሰውየው ለአገሩ መንግሥት ሥራ ፓሪስ ተቀምጦ ሳለ ትንሿ ሴት ልጁ ወደ እሱ በመርከብ ስትሻገር፣ እሷን እንድትጠብቅ አብራ የተላከች ባሪያ ልጅ ነበረች። በዕድሜ እህቴን እንኳ አታክልም። ባዳም አይደለችም፤ የሟች ሚስቱ የአባት ልጅ እህት እንደነበረች የሚጽፉ አሉ። ፓሪስ ላይ ነፃ ልትወጣ ትችል ነበር፣ ያገሩ ሕግ ይፈቅድላታል። እሷ ግን አብራው ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ኋላ ልጇ እንደተናገረው፣ የምትወልጃቸውን ልጆች ሲያድጉ ነፃ አወጣለሁ ብሎ ቃል ስለገባላት ነው። የልጆቹም አባት ራሱ ሰውየው እንደነበረ ዛሬ ብዙዎቹ አዋቂዎች ይስማማሉ።

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። እህቴ ጓዳ ውስጥ ልብሷን እያጣጠፈች ታንጎራጉራለች። ባሕር ተሻግራ የሰው ልጅ ልትጠብቅ ነው፤ በእጇ ያለው የአንድ ትልቅ ሰው ቃል ብቻ ነው። ስልኬን ገልብጬ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ደረሰና ቆምኩ። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል ብዬ ጀመርኩ። ያቺን ምስኪን ቢክዳት ማን ይጠይቀው ነበር? ማንም! እሱ ግን ሁለቱ ልጆቿ ከቤቱ ጠፍተው ሲሄዱ አላሳደዳቸውም፣ የቀሩትን ሁለቱን በኑዛዜው ነፃ አወጣ። ሕጉንም ፈርሟል። ሰው ከዘመኑ ዘሎ የት ይደርሳል? ወገኖቼ አጨበጨቡልኝ። ንግግሬ እንዳማረ ለራሴም ታወቀኝ፣ የባሰ የፈራሁትም ያኔ ነው።

ዐረብ አገር ያሠራችኝ ማዳሜ ትዝ አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ሴቶች መብት የምታስተምር ሴት ነበረች። ለታይታ አልነበረም፤ በቴሌቪዥን የተገፉ ሰዎች ስታይ ከልቧ ታለቅሳለች። «አንቺ እንደ ልጄ ነሽ» ትለኝ ነበር። ስትወጣ ግን በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ክፉ ብትሆን እጠነቀቃት ነበር። ያስፈራኝ ደግነቷ ነው፤ ቁልፉን ስታዞር ባወራችውና በምታደርገው መካከል ምንም ልዩነት አይታያትም። እኔ ደግሞ ዛሬ ልክ እሷ ብትከሰስ ልትል የምትችለውን ሁሉ አሳምሬ ስናገር ነበር።

ከወዲያኛው ወገን አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እጁን አወጣ።

«የሰውየው ልጅና ጠባቂዋ የተሻገሩት በአንድ መርከብ ነው አይደል? ሰውየው የገዛ ልጁን በዚያችኛዋ ልጅ ቦታ ያስቀምጣት ነበር?»

«አያስቀምጣትም» አልኩ።

«እንግዲያው ያ ሁሉ የጻፈው ለማን ነው?»

ተቀመጥኩ። ወገኖቼ በዓይናቸው በሉኝ። አስተማሪው ሁለታችንንም አመስግኖ ማን እንዳሸነፈ ሳይናገር ወጣ።

በማግስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለእህቴ የመሸኛ ዳቦ ተቆረሰ። የክርስትና አባቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆመው መረቁ። ምርቃት ያውቁበታል። እህቴን በግንባሯ ሳሟትና «አብሽሪ ልጄ፣ ከእጄ አልወጣሽም» አሏት። እናቴ አሜን አለች። አባቴ አሜን አለ። እኔ ግን አሜን አላልኩም። እሳቸው አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የእህቴ እኩያ ናት፣ አዲስ አበባ ትማራለች ይሉናል። አሁን ካልጠየቅሁ ነገ መኪናው ይሄዳል። ከጠየቅሁ ደግሞ አባቴ ዳግመኛ ልጄ አይለኝም።

«ጋሼ» አልኩ። «የእርስዎም ልጅ እኩያዋ ናት። አብራት ትሂድ?»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «አበልጄን ነው? እኔ ቤት ውስጥ? ውጪልኝ!»

«ተዋት» አሉ እሳቸው። በእጃቸው የያዙትን ዳቦ አስቀመጡት። አቀረቀሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ቀና ሲሉ ግን ከእኔ የባሰ የፈራ ሰው ፊት አየሁ።

«ሄዳለች» አሉ። «አዲስ አበባ ናት የምላችሁ ውሸቴን ነው። እዚያው አገር ናት፤ የላካትም ያው የማውቀው ያልኳችሁ ሰው ነው። ድምጿ ከጠፋብኝ ቆየ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

«ይቺ ስትሄድልኝ ታፈላልግልኛለች ብዬ ነው። ወላሂ፣ ሌላ አላሰብኩም።»

በየስብሰባው የሚናገሩት ለካ የእውነታቸውን ነው። የሚሉትን ከማንም በላይ ያምኑበታል፤ እያመኑበትም የሰው ልጅ ለደላላ አሰናድተዋል።

አባቴ እንደ ቆመ «አትሄድም» አለ። ከዚያ እንደሚመታቸው ሆኖ ተጠጋና አጠገባቸው ተቀምጦ ትከሻቸውን ያዘ። ሁለት ሽማግሌዎች ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እህቴ ሻንጣዋን በእግሯ ገፍታ ወደ ጓዳ ገባች። ቀረች ማለት ነው። እስከ ዛሬ በደህና አታናግረኝም፤ ዕድሌን የዘጋሽብኝ አንቺ ነሽ ትለኛለች። ትበል። ስትቆጣ ስሰማት ደስ ይለኛል፣ ድምጿ እቤት ውስጥ ነው።

ከሐሳቤ የማትወጣልኝ ያችኛዋ፣ የጋሼ ልጅ ናት። በስውር ነው የሄደችው፤ ዳቦ የቆረሰላት፣ አሜን ያለላት የለም። ለእሷ ደፍሮ የጠየቀላትም ሰው አልነበረም።