ጠመንጃ ያልያዘው የሸክላ ሰው

በዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። መምህሩ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆሟል፤ ሁለት ወንድ ተማሪዎች በግራና በቀኝ፤ የወንድሜ የልጅ ልጅ ሜሮን በመስኮቱ በኩል፤ እኔ ወንበር ቢሰጡኝም በሩ አጠገብ ቆሜ። ጠረጴዛው ላይ ተማሪዎቹ ለኤግዚቢሽን በማሽን የሠሯቸው፣ ከጣት የማይረዝሙ ወታደሮች ተደርድረዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከዚህ ከዲላ አካባቢ የዘመተውን ጦር ያሳያሉ ተብሏል።

ክርክራቸው ስለ ጫማ ነበር።

«ቦት ጫማ ነበራቸው፣ ይኸው ፎቶ አለኝ» አለ አንደኛው ስልኩን እያሳየ።

«ኧረ ባክህ! እሱ የቤተ መንግሥት ጦር ነው። የይርጋጨፌ ገበሬ መስሎህ ነው?» አለችው ሜሮን።

ሜሮን የጠራችኝ በልጅነቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቻለሁ ብዬ አንድ ጊዜ ስለነገርኳት ነው። የቀረውን አልነገርኳትም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከወናጎ እስከ ዲላ መንገዱ ሁሉ የተፈለፈለ የቡና ልጣጭ ይሸታል። ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታ ነው፤ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ይታወቅበታል። የታሪክ መምህራችን መምህር ደምሴ ለወላጆች ቀን ዐሥራ ሁለት አርበኞች በሸክላ እንድሠራ አዘዙኝ። እጄ ለጭቃ ደህና ነበር። ሁሉንም ከመጽሐፋቸው ሥዕል ገለበጥኩ፤ የብረት ቆብ፣ ቦት ጫማ፣ በጥይት የሞላ ዝናር። ቁመታቸው ስንዝር አይሞላም። እንዲደርቁ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ደረደርኳቸው።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት ዘበኛው ጋሽ ጅግሶ ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ዘምቻለሁ ይሉ ነበር፤ የሚያምናቸው አልነበረም። ሜዳሊያ የላቸውም፣ ፎቶ የላቸውም፣ ጠባሳ እንኳ የላቸውም። ተስፋዬ የሚባል የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተገትሮ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣቸዋል።

«ጄኔራል! ጦሩ ዝግጁ ነው፣ ምራን!»

«አንተ ቁርስህን ሳትበላ ከደጅ አትወጣም፣ የት ልውሰድህ?» ይሉታል።

ልጆቹ ይስቃሉ። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤት ስገባ ጋሽ ጅግሶን ምስሎቼ ፊት ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው።

«እነዚህ ማን ናቸው?»

«አርበኞች ናቸው፣ ጋሽ ጅግሶ።»

«የማን አገር?»

የአፍ መፍቻቸው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለተማሩ ሴት ልጅ ብሆንም እኔንም «አንተ» ይሉኝ ነበር።

«ጫማውን ከየት አመጣህ? እኛ ጫማ አልነበረንም። ዝናሩንም ሞላኸው። ከፊቴ ይሄድ የነበረው ሰውዬ ሦስት ጥይት ነበረው። እያረፈ ይቆጥረዋል፣ የሚጨምር መስሎት።»

ከዚያ በኋላ ደወል እየተደወለ ልጆች ሲበተኑ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ አስተካክላለሁ። ቦቱን በቢላ ፍቄ የእግር ጣቶች አወጣሁ። የብረት ቆቡን አነሳሁ። ነጭ ልብስ ከአውሮፕላን ይታያል ተብሎ ቅጠል ቀቅለው እንዳቀለሙት ነገሩኝ። የቱ ቅጠል እንደነበር ግን ረስተዋል፤ እኔም የቡና ልጣጭ ቀቅዬ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነከርኩበትና ለምስሎቹ አለበስኳቸው። ያ የእኔ ግምት እንጂ የእሳቸው ቃል አይደለም።

«እንዲህ ልክ ልኩን ከሠራህ እነዚያ ልጆች ያምናሉ» አሉኝ አንድ ቀን። የልጆቹ ማመን አለማመን ይህን ያህል እንደሚገዳቸው እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንዱን እሳቸውን አስመስዬ ሠራሁ። የሾለ አገጫቸውን አወጣሁ፤ ከሁሉ ያማረውን ጠመንጃ አስያዝኩትና ከፊት አቆምኩት።

«ይህ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አንስተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ጠመንጃው ያምራል» አሉ፤ መልሰው አስቀምጠውት ወጡ።

የወላጆች ቀን ጠዋት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ያንን ጠመንጃ አውጣለት።»

«ለምን?»

«አልነበረኝም። እኔ ስንቅ ነው የተሸከምኩት። ከኮንጋ መንደር ጀምሮ፣ ቆጮ።»

«ማን ያውቃል ጋሽ ጅግሶ? ተስፋዬ እኮ ይስቅብዎታል።»

«እኔ አውቃለሁ። ስለ ጫማው ተቆጥቼህ ስለ ጠመንጃው ዝም ልበል?»

ጠመንጃውን ሰበርኩ። በደረቀ የእንሰት ቅጠል ትንሽ ጭነት ጠቅልዬ በቃጫ ጀርባው ላይ አሰርኩ። አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆጮ የተሸከመ ሰው እንዲህ ቀጥ አይልም አሉ። የደረቀ ሸክላ ደግሞ አይጎብጥም። ሌላ ጭቃ አቡክቼ ጎበጥ ያለ ሠራሁ። ከደረቁት ዐሥራ አንዱ መሀል እርጥቡ ጠቁሮ ይታይ ነበር።

መምህር ደምሴ አይተውት ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ጠመንጃ የሌለው አርበኛ? እንግዶቹ ምን ይላሉ?»

ለመምህር መልስ የምሰጥ ልጅ አልነበርኩም። «ዐሥራ አንዱ የበሉትን የተሸከመው እሱ ነው» አልኩ። መምህር ደምሴ በመስኮት በኩል የግቢው በር ላይ የቆሙትን ጋሽ ጅግሶን አዩና ምስሉን በቦታው ትተው አለፉ።

ወላጆች መጡ፣ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ተስፋዬ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ጎንበስ አለ።

«ጄኔራላችን በቅሎ ሆኗል እንዴ!»

ጋሽ ጅግሶ ከኋላው ነበሩ። «አዎ» አሉ። «በቅሎዎቹ አለቁ። ከዚያ እኛን ጫኑን።»

የሳቀ አልነበረም። ተስፋዬ እንደገና ወደ ምስሉ ጎንበስ አለ፤ የእግር ጣቶቹን፣ ቃጫውን፣ የጎበጠውን ወገብ አየ።

«ስንት ቀን ተሸከሙ?» አለ። በአንቱታ ሲያናግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ጋሽ ጅግሶም ነገሩት። ሻዩ እስኪያልቅ ልጆቹ ከጎናቸው አልሄዱም። ተስፋዬ ኋላ ለእኔ ያለኝ ይህን ነው፤ «ሊዋሽ የፈለገ ሰው ለራሱ ጠመንጃ ይሰጣል እንጂ ቆጮ አይጭንም።»

ምስሎቹ በእሳት ስላልተተኮሱ በክረምቱ እርጥበት ፈረሱ። ጋሽ ጅግሶም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። የልብስና የትጥቅ ልክነት ለብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ነው፤ አዝራር መቁጠር ነው ብለው ይንቁታል። እኔ ግን ልክ የሆነ ትንሽ ነገር አንድን ሰው ከመሳለቂያነት ሲያወጣው አይቻለሁ። ዛሬም የሚጨቃጨቁ ልጆች ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል፤ የሚጨቃጨቅ ሰው ገና ማወቅ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አጠር አድርጌ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። ስልኩን ይዞ የነበረው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«አንዱን ስንቅ አሸክመን በማሽኑ ድጋሚ እናወጣዋለን፣ እማማ። ለነገ ይደርሳል» አለ።

ሜሮን ከምስሎቹ ሥር የሚለጠፈውን ወረቀት ሳበችና እስክሪብቶ አነሳች። «ስማቸውን ልጻፈው፣ እማማ። ማን ነበር ያልሽኝ?»

«ጅግሶ» አልኳት።

ጻፈችው። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።