ከሮም የመጣው አፈር

ተድላን ፈረስ ሲሮጥ ለማየት ከፍሎ የሚቀመጥ ሰው ያስቀዋል። የካናዳዋ ካልጋሪ በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ ባርኔጣና ቡትስ አጥልቃ፣ የስታምፒድ በዓል ነው ብላ፣ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች እያሽቀዳደመች ስታብድ፣ እሱ ኦግደን ሰፈር ባለው የባቡር ጥገና ሺፍቱን ይሠራል። "ባላገርነት እንዲህ የሚያምር ከሆነ እኛ ለምን ሸሸነው?" ይላል። ሚስቱ ፀሐይነሽ ግን አንድ ቀን እንኳ ውሰደኝ እንዳለችው ነው።

ፀሐይነሽ ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ ወንበር ላይ ናት። ጉልበቷ በኦፕሬሽን እንዲቀየርላት ስትጠብቅ ኖራ፣ ተራዋ ሲደርስ ቢላዋው አስፈራት። ልጃቸው አርያም ለሥራ ሮም ስትሄድ አባቷን ይዛ ልትሄድ ስትነሳም የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰማዕታት ደማቸውን ካፈሰሱበት ቦታ እምነት እንዲያመጣላት፣ ጉልበቷን የምትቀባው አንድ እፍኝ አፈር።

ሮም ደግሞ አፈር የላትም። ተድላ የገባበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እብነ በረድ ነው፤ በጥፍር ቢቧጥጡት አይነሳ። በመጨረሻው ቀን አንድ ሰፊ፣ ረዥም፣ ሣር የበቀለበት ጎድጓዳ ሜዳ ደረሱ፤ ጫፉ ላይ የፈረሰ የጡብ ግንብ ቆሟል። ተድላ፣ "ሰማዕታቱ የሞቱበት ይህ ነው" አለ፤ ማንንም አልጠየቀም። የሰማዕታትን ገድል ሲሰማ ያደገ ሰው ማንን ይጠይቃል? ጫማውን አወለቀ፣ ተንበረከከ፣ መሬቱን ሳመ፣ አለቀሰ። ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ጣሊያን ቆሞ አየው። አርያም የቦታውን ሰሌዳ አንብባ ስትመለስ አባቷ በባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ አፈር ሲሞላ አገኘችው። እንባውን አይታ፣ የነገረችው አውሮፕላን ውስጥ ነው።

"አባዬ፣ ዶንት ቢ ማድ። ቦታው እኮ የፈረስ ሬስ ሜዳ ነበር። በጋሪ፣ ዩ ኖው... ላይክ ስታምፒድ።"

ተድላ ብልቃጡን ካልሲው ውስጥ ሸጎጠ። ካናዳ አፈር ማስገባት ክልክል እንደሆነ ያውቃል። ባዶ እጁን ፀሐይነሽ ፊት ከመቆም ግን ጉምሩክ ይሻለዋል። በዕድሜው ቀይ መብራት ጥሶ የማያውቅ ሰው ለፈረስ ሜዳ ሲል ሕግ ጣሰ።

ዝም አይነቅዝም ብሎ ሰጣት። ፀሐይነሽ በውሃ በጥብጣ ጠዋት ማታ ተቀባችው፤ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ለቀቀኝ አለች። የማኅበር እህቶቿም ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ግንባራቸውን ቀቡ። ተድላ ደጀ ሰላም በገባ ቁጥር ከወንበር ይነሱለት ጀመር። እሱም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አልጠላውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ፀሐይነሽ፣ "አርያሜ፣ ነገ ሆስፒታሉን ኮል አድርጊና አፖይንትመንቱን ካንስል አስደርጊልኝ፤ ድኛለሁ" አለች። ይህን ስትል ከሶፋው የተነሳችው ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው። አርያም አባቷን አየችው። ተድላ የጠረጴዛውን ጠርዝ የጨበጡትን ጣቶቿን አየ። ይህ ተራ ካለፈ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል?

"ፀሐይ፣" አለ፣ "አፈሩ የሰማዕት አይደለም። የፈረስ መሮጫ ነው። መጀመሪያ ተሳስቼ ነው፤ ካወቅሁም በኋላ ዝም አልኩሽ።"

ፀሐይነሽ ጉልበቷን አየች፤ እሱን አየች።

"እና በፋንድያ ነው ያማተብኩት?"

ተድላ ወንበር ስቦ አቀረበላት።

"ፈረስ ከሆነማ ሮም ድረስ ምን አስኬደህ? እዚሁ ስታምፒድ በባቡር ይደረስ የለ እንዴ!" አለችና አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ወደ ልጇ ዞረች። "ተይው፤ አትደውዪ።"

ለኦፕሬሽኑ ያደረሳት ተድላ ነው፤ እሷ ግን ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ጉልበቷ ከዳነ በኋላ ለእህቶቿ ስለ ቢላዋው ብታወራ ብታወራ የሚሰማት አጣች፤ ለእነሱ ያዳናት የሮም አፈር ነው፤ ትንሽ ከተረፈሽ ስጪን ይሏታል። ተድላን ግን በቀላሉ አልማረችውም፤ ቅጣት ፈረደችበት። ሐምሌ ሲመጣ ስታምፒድ ይወስዳታል፤ ባርኔጣም ያደርጋል።

ባርኔጣውን ደፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጋሪዎቹ ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ ብድግ አለ። ፀሐይነሽም ብድግ አለች፤ ወንበርም ሰውም አልተደገፈችም።

ተድላ ፈረሶቹን አላያቸውም። ጎንበስ ብሎ፣ ሮም ላይ እንዳደረገው፣ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር።