በኩበቱ ክምር ውስጥ

ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ፋብሪካው ሥራ ሲሰጠኝ ስለ ብርዱ ማንንም ሳልጠይቅ መጣሁ። የተከራየኋት አንዲት ክፍል መስኮቷ ወደ ጓሮ ነው። አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ያዋዋለኝ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ስለነበር ከእሳቸው ጋር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። እሳቸው “ልጄ” ይሉኛል፣ እኔ “እማማ” እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም በየበኩላችን በራችንን እንዘጋለን።

ካሜራ የገዛሁት የእረፍት ቀን አልገፋ ሲለኝ ነው። መጀመሪያ አንኮበር ድረስ ሄጄ ጭላዳ ዝንጀሮ አነሳሁ። ፎቶዎቹ አምረው ነበር፤ ግን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለማን እንደማሳያቸው ሳስብ አንድም ሰው አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ መስኮቴ ይበቃኛል ብዬ ራቅ ብሎ መሄዱን ተውኩት።

ግንቦት ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ጓሮው ውስጥ መመላለስ ጀመረች። ያያት ሰው ሁሉ ልብ ሳይላት የሚያልፋት፣ ጭራዋን አንዴም የማታሳርፍ ወፍ ናት። ወደድኳት። የማታ ፈረቃ ስሆን ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አነሳታለሁ። ስሟን ስልኬ ላይ ስፈልግ፣ የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቅ ሰነበትኩ፤ “ወፍ ናታ” ከማለት ያለፈ የለም። አንድ ቀን ትል በአፏ ይዛ ከእማማ የኩበት ክምር ጀርባ ገባችና ባዶ አፏን ወጣች። ጫጩት እንዳላት ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ የሚጠብቀኝ ያለ ይመስል እጣደፍ ነበር።

ሰኔ ሲቃረብ ሰማዩ በጣርማ በር በኩል ይጠቁር ጀመር። እዚህ አገር ዝናቡ ሳይጠና የኩበት ክምር በእርጥብ እበት ይለቀለቃል። እበቱ ሲደርቅ ውሃ አያስገባም፣ ለወፍም መግቢያ አይተውም። ይህን ከባልደረባዬ ስሰማ ክው አልኩ። እማማን ልለምናቸው አሰብኩና አፈርኩ። የክረምት ማገዶዎን ለወፍ ብለው በዝናብ ያስመቱልኝ ይባላል? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል፣ ከሥራ ስመለስ ክምሩ ከላይ እስከ ታች ተለቅልቆ አገኘሁት።

እማማ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። እንደምን ዋሉ እንኳ ሳልል ስለ ወፏ ጠየቅኳቸው፤ ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት። እሳቸው እጅጌዬን ይዘው ወደ ክምሩ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ እፍኝ የምታክል ቦታ ሳትለቀለቅ ቀርታለች፤ ከውስጥ የጫጩቶቹ ድምፅ ይሰማል። ፊት ለፊቷ ደግሞ መቀመጫው በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ አሮጌ በርጩማ ተቀምጧል። በእኔ መስኮት በኩል ስለማይታይ፣ እሳቸውም እዚያ ተቀምጠው ወፏን እንደሚያዩ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በቀጣዩ እሑድ የሌሊት ፈረቃ አድሬ ተኝቼ ነበር። ነቅቼ ካሜራዬን ይዤ ስወጣ እማማ በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ቀዳዳዋ ጭጭ ብላለች። ጫጩቶቹ ጠዋት አንድ በአንድ እየወጡ አጥሩ ላይ ተቀምጠው፣ ከዚያ እንደ በረሩ ነገሩኝ። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ለዚያች ሰዓት ነበር። ምነው ሳይጠሩኝ አልኳቸው።

“ብነሳ ያመልጡኛል ብዬ፣ ከተቀመጥኩበት ልጠራህ ነበር” አሉ። “ስምህን አላውቀው። ልጄ ብዬ እንዳልጣራ ጎረቤት የኔ ልጅ የመጣልኝ ይመስለዋል።”

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ስሜን ነገርኳቸው፣ የእሳቸውንም ጠየቅኩ። ስሜን ቀስ ብለው፣ እንዳይጠፋባቸው የፈሩ ይመስል፣ ደገሙት። ከፋብሪካው ግቢ ውጭ በዚህ ከተማ ስሜ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።