መርዶ ያቆየንበት ሳምንት

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፍልስፍና እማራለሁ ስትለኝ የፈራሁት ሥራ ታጣለች ብዬ አልነበረም። እኔ አራተኛ ክፍልን ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። ስለ ትምህርት ምን አውቄ! ግን አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ፣ እሷ ድራይቭ እያደረገች፣ «ሰሞኑን ምን ተማራችሁ?» ብላት «ስለ እውነት» አለችኝ። ደስ አለኝና «እውነት ምንድነው አሏችሁ?» አልኳት።

አማርኛውን ከእንግሊዝኛው እየቀላቀለች አስረዳችኝ። እዚሁ አሜሪካ የተነሡ ፈላስፎች አሉ አለች። እውነት የሆነ ቦታ ተቀምጣ የምትጠብቀን ዕቃ አይደለችም ይላሉ፤ አንድን ነገር አምነን፣ ኖረንበት፣ ፈትነነው የሚሠራና የሚያዛልቀን ከሆነ እውነት የምንለው እሱን ነው። ከነሱ ደግሞ ገፍተው የሄዱ አሉ፤ እውነት ሰዎች ተነጋግረው የሚስማሙበት ነው፣ ከዚያ ወዲያ የለም የሚሉ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ። ገና እያሰብኩ ነው።»

ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ። ልጄን ሳሳድግ ከሁሉ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ አትዋሺ። ሰው የተስማማበት ሁሉ እውነት ከሆነ እንግዲህ ውሸት የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። ልጄ ነገ ዓይን ዓይኔን እያየች ትዋሸኛለች፣ ለዚያውም ትምህርቷን እየጠቀሰች። ለማንም አልተናገርኩም። ስጸልይ ብቻ አነሣው ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ረቡዕ ዕለት፣ የጓደኛዬ ወንድም ከአገር ቤት ደወለልኝ። ጓደኛዬ የምትኖረው እዚሁ አጠገባችን፣ ዉድበሪ በምትባል ከተማ ነው። ድሮ አብረን አልጋ ስናነጥፍ ቆይተን እሷ ነርስ ልሁን ብላ ትምህርት ገባች። «አባታችን ዐረፈ» አለኝ ወንድሟ። ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ። «ዓርብ ፈተና አለባት። እባክሽ እህቴ፣ እስከ ቅዳሜ እንዳትሰማ።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን፣ ሀይዌይ ላይ መሪ ይዛ ብትሰማውስ? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቷ ሄዶ፣ ከብቦ ነው የሚነግራት። ስለዚህ ሥራዬን ጀመርኩ። ለቸርቻችን ሽማግሌዎች ደወልኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተቀጠርን፣ ምግብ የሚያመጡትን ለየሁ። የቀረው ፌስቡክ ነው። አንድ የማያስብ ሰው የሟቹን ፎቶ ይለጥፍና ያልቃል። ጓደኛዬን «ፈተናው እስኪያልፍ ፌስቡኩን ከስልክሽ አጥፊው፣ ሐሳብ ይበትናል» አልኳት። እሺ ብላ አጠፋችው።

ሐሙስ ከሰዓት እኛ ቤት መጥታ፣ ልጄ ጥያቄ እያነበበችላት ልታጠና ነበር። ከመምጣቷ በፊት ለልጄ ነገሩን ነግሬ፣ «ከጠየቀችሽ ደህና ናቸው በያት» አልኳት።

«ኖ» አለች። «አባቷ እኮ ነው! እኔ አልዋሻትም።»

ንዴቴም መጣ፣ ሳቄም መጣ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ እውነት የሚሠራው ነው ያልሽኝ? ይኸው ይሠራል! ደግሞ ተነጋግረን ተስማምተናል፤ ወንድሟ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እኔ። ምን ቀረ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማሚ፣ የሚሠራው ለማን ነው? ሁላችሁም ስትስማሙ እሷ የት ነበረች? ጠይቃችኋታል?»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

አንድ ሰዓት ያህል ስለ መድኃኒት መጠን ሲጠያየቁ ቆዩ። ከዚያ ጓደኛዬ መጽሐፉን ከደነችው።

«አባቴ ስልክ አያነሣም። ወንድሜ ደህና ነው ደህና ነው ይለኛል፣ ድምፁ ግን አላማረኝም።»

«ኔትወርክ ነው፣ እቴ» ብዬ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞርኩ።

«የኔ እናት» አለቻት ልጄን፣ «እናትሽ ስትዋሽ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። አንቺ ንገሪኝ። አባቴ ደህና ነው?»

በእጄ የያዝኩት ብርጭቆ ንጹሕ ነበር። ውኃውን ግን አልዘጋሁትም።

ለእኔ እንኳ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልሰው ልጄ፣ በአማርኛ ተናገረች። «አንቲ፣ የማውቀው ነገር አለ። አልዋሽሽም። አሁን ንገሪኝ ካልሽኝ እነግርሻለሁ። ከፈተናው በኋላ ይሁን ካልሽኝ ዝም እላለሁ። አንቺ ምረጪ።»

ጓደኛዬ የኛው ሰው ናት፤ እሷም ስንቱን መርዶ አብራኝ ሄዳለች። የማውቀው ነገር አለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋታል? ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሽማግሌዎቹ ለመቼ ተቀጠሩ?»

«ለቅዳሜ» አልኩ፣ ጀርባዬን እንደሰጠሁ።

«እንግዲያው እስከ ቅዳሜ አትንገሩኝ። አባቴ ነርስ ሆነሽ ልይሽ እንዳለኝ ነው የኖረው። ነገ እፈተናለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እንደ ሰው፣ በሰው መሐል ይነገረኝ።» መጽሐፏን መልሳ ገለጠች። ልጄ ወንበሯን አስጠጋችና የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበበችላት።

ቅዳሜ ማለዳ ስንደርስ ጥቁር ለብሳ፣ ወንበር ደርድራ ጠበቀችን። ትልቁ ሽማግሌ ግራ ገባቸው። «ማነው የነገራት?» አሉኝ በጆሮዬ።

«ማንም» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

እንደ ወጉ ተናገሩ። እሷም ጮኸች፣ ያኔ ገና እንደሰማች ሁሉ። የማስመሰል አልነበረም። በሆድ መያዝና ሰው ከቦ ሲነግር መስማት አንድ አይደለም። ወለሉ ላይ አቅፋ የያዘቻት ልጄ ናት። ፈተናውን ማለፏን የሰማነው ለቅሶው ከበረደ በኋላ ነው።

በመልሱ መንገድ ልጄን «የናንተ ፈላስፎች ይሄን ምን ይሉታል?» አልኳት።

«ይጨቃጨቁበታል» ብላ ሳቀች።

«አንቺስ?»

«አይ ስቲል ዶንት ኖው፣ ማሚ።»

አላስፈራኝም አልልም። እናት ነኝ፣ እፈራለሁ። ግን ቤት ገብተን ምሳ ሲቀርብ በላሁ፤ ደግሞም አስጨመርኩ።