የመሪጌታው ስድስት ሥሮች

ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእሳቸው ይሁን የእኔ እስካሁን ስላልለየሁ ነው። ዳባት ይኖሩ የነበሩ አንድ መሪጌታ ለቁስል የሚሰጧቸውን ስድስት ሥሮች፣ ተክሎቹን እንዳልለይ ወቅጠው ለመመረቂያ ጥናቴ ሰጡኝ። በቤተ ሙከራ የአንደኛው ጭማቂ በዙሪያው ያለውን ባክቴሪያ ጠራርጎ ገደለ። ውጤቱ ከመጠን በላይ ስላማረ፣ ሰው ቁስል ላይ የሚነሰንሰውን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ዱቄት ቀላቅለውበት ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ። የተረፈኝን ዱቄት ይዤ ተመልሼ ሄድሁ።

«መሪጌታ፣ የፋርማሲ ካፕሱል ጨምረውበታል?» አልኋቸው።

«አስኳላው ይህን አስተማረህ? ቀጣፊ ያልኸው ሰው መድኃኒት ምን ያደርግልሃል? በል ዱቄቴን መልስ!»

የተረፈውን ዱቄት ሁሉ ተቀብለው እፊቴ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። በዓመቱም ተክሎቹን ለማንም ሳያሳዩ ዐረፉ። ሥር ይሁን ካፕሱል፣ ዳግመኛ የምፈትሽበት ቁንጣሪ አልቀረኝም።

የጠፋው፦ ስድስት ዱቄት፣ ስድስት የተክል ስም፣ አንድ ዐዋቂ።