ፊርማ የሌለው ሥራ

ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ «ንካልኝ» ይሉታል። ማሽኑ አልከፈት ያለው ሁሉ ስልክ እያነሳ «ኧረ በናትህ፣ መጥተህ አንዴ ንካልኝ!» ሲለው አሥራ ሁለት ዓመት ስላለፈ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ከመቶ በላይ ኮምፒውተር፣ ከቆመ ዓመት ያለፈው ሊፍት፣ ሁለት የጥገና ሠራተኛ። ንካልኝ የሚሠራው ምድር ቤት፣ የተጣሉ ሞኒተሮች እስከ ጣሪያ በተቆለሉበት ክፍል ነው። የሚሠራው ስል ወንበሩ ያለው እዚያ ነው ማለቴ ነው እንጂ እሱስ ውሎው ደረጃ ላይ ነው።

እስቲ የአንድ ቀን ውሎውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ጠዋት ገና ቁጭ ሳይል አምስተኛ ፎቅ ይፈለጋል፤ «ኮምፒውተሬ ሞተ!» ቁና ቁና እየተነፈሰ ይደርሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትጠርግ ገመዱን ነቅላው ኖሯል። ይሰካዋል፤ «እኔም እሱን ጠርጥሬ ነበር» ይባላል እንጂ ምስጋና የለም። ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይወርዳል። እዚያ ጸሐፊዋ ኪቦርዷ ላይ ሻይ ደፍታ «ምንም አልነካሁትም፣ እግዜር ምስክሬ ነው!» ትላለች፣ ሻዩ ገና ከጠረጴዛው ጠርዝ እየተንጠባጠበ። ፓስወርዱን የረሳው ይቆጣዋል፣ ፋይሉን በገዛ እጁ ያጠፋው «ቫይረስ በላብኝ» ይለዋል። ከሁሉ የሚያሳብደው ደግሞ፣ ሲያስቸግር ያረፈደው ማሽን እሱ ገና በሩ ላይ ሲደርስ ደህና ሆኖ መጠበቁ ነው። «ውይ! አንተን ሲያይ ሠራ እኮ!» ብለው ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

ደንብ የለም እንዳትሉ፣ ደንብ አለ። ጥገና የፈለገ ሰው አንድ ገጽ ፎርም ይሞላል፤ ሥራው ሲያልቅ «ተሠርቶልኛል» ብሎ ይፈርማል። ለንካልኝ ግን ፎርም ከማስሞላት ሞት ይሻለዋል። ሪፖርት ለማስገባት አሥር ደቂቃ ቀርቶት ላብ የሚያጠምቀውን ሰው «መጀመሪያ ፎርም ሙላ» ማለት ይከብደዋል፤ «ኋላ ትሞላለህ» ይላል። ኋላ የሚባለው ቀን መጥቶ አያውቅም።

የክፍል ባልደረባው ሌላ ዓይነት ነው። «ባለ ፎርሙ» ይሉታል። ሕንፃው በእሳት ቢያያዝ እንኳ ፎርም ካልተሞላ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እሱን እያማ የሚደውለው ለንካልኝ ነው። ክፉ ሰው ግን አይደለም። «ወረቀት ያዝ ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች ነገ አያውቁህም» ብሎ ስንቴ መክሮታል። ንካልኝ ጆሮ ዳባ ልበስ!

አንድ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ተለጠፈ። የጥገና ክፍሉ ከእንግዲህ በአንድ ሠራተኛ ብቻ ይሠራል፤ ሌላኛው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ወዳለ ቅርንጫፍ ይመደባል። የሚመዘኑት ባለፉት ሁለት ዓመታት በተፈረመባቸው ፎርሞች ብዛት ነው፤ መረጃ የሚያዘው እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ ነው። ባለ ፎርሙ ሁለት መቶ አሥራ አራት አለው። ንካልኝ አሥራ ዘጠኝ፤ እነሱንም ቢሆን ባለ ፎርሙ ፈቃድ ወጥቶ ሳለ ሰዎች ለባለ ፎርሙ ብለው ሞልተው ንካልኝ የሠራላቸው ናቸው።

ንካልኝን ያንቀጠቀጠው የመንገዱ ርቀት አልነበረም፤ እናቱ ናት። ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመቷ ነው። ያቺን ሁለት ክፍል ቤት ግን በእርምጃ ታውቃታለች፤ ከአልጋዋ እስከ በሩ ሰባት፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው አሥራ አንድ። ጠዋት ቁርሷን አቅርቦ፣ ራዲዮኗን ከፍቶላት ይወጣል። ማታ ሲመለስ «ዛሬስ ማን አናደደህ?» ትለዋለች፤ ስለ ሻዩና ስለ ሶኬቱ ሲያወራላት እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እሱ ከሄደ የምትገባው እህቱ ቤት ነው። የእህቱ ባል ደግሞ አማቱ የመጣች ቀን ፊቱ እንደ ከሰል የሚጠቁር ሰው ነው። ባለፈው ጊዜ ሁለት ሳምንት እዚያ ስትቆይ ከአንድ ወንበር ሳትነሳ ከረመች። «ድምፄን እንኳ ላለማሰማት ሳሌን ሳፍን ነበር ልጄ፣ ሁለተኛ እዚያ አትላከኝ» ብላው አልቅሳለች። እሱም «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልልክሽም» ብሏታል።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ዘንድ ገብቶ የሆዱን ነገራት። አዘነችለት። «የቆየም ሥራ ቢሆን፣ ያሠራህ ሰው አምኖ ከፈረመልህ እይዝልሃለሁ፤ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ግን መዝገቡን እዘጋለሁ» አለችው።

ይኼ ለንካልኝ ትልቅ ተስፋ ነበር። የሠራውን ሥራ አንድም አይረሳም፤ የማን ማሽን፣ መቼ፣ ምን ሆኖ እንደነበር ያውቃል። ሦስት መቶ ፎርም እራሱ ሞላ። ከሰዎቹ የሚፈልገው ፊርማ ብቻ ነው፤ አንድ ጭረት! ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ታቅፎ ደረጃውን ተያያዘው።

መጀመሪያ የዕቅድ ኃላፊው ዘንድ ገባ። አምና የዓመቱ ዕቅድ እንዳለ ጠፍቶ፣ ንካልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ተደፍቶበት ነው ያወጣው። «ያ እኮ ራሱ ነው የተመለሰው!» አሉ ኃላፊው። «ጠፍቶ ነበር፣ ከዚያ ተገኘ።»

«ጋሼ፣ ያገኘሁት እኮ እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።»

«እንግዲህ አብረን ፈለግነው በለው። ለማንኛውም አስቀምጠው፣ አየዋለሁ። እግረ መንገድህን ይቺን ፕሪንተር ንካልኝማ፣ ወረቀት እያኘከች አስቸገረችኝ።»

ነካላቸው። ፎርም እንኳ አላስሞላቸውም፤ ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው በሉልኝ! የሕግ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ «ላለፈ ሥራ ዛሬ ልፈርም? ልታሳስረኝ ነው?» ብሎ እየሳቀ ላፕቶፑን ገፋለት፤ «ይልቅ ይኼ ነገር ለምን ይንቀራፈፋል?» አንዱ አለቃዬን ጠይቅ አለው፣ ሌላዋ ሰኞ ና አለችው፤ ሰኞማ ምን ሊያደርግለት! የመዝገብ ቤቷ እትዬ ብቻ «አምጣ ልጄ፣ አንተ ባትኖር ይኼኔ በጡረታ ወጥቻለሁ» ብለው የእሳቸውን ሰባቱንም ፈረሙለት። እጃቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። ሐሙስ ማታ ቢቆጥር ከበፊቱ ጋር ሃምሳ ደርሷል። በነዚያው ሦስት ቀናት «እግረ መንገድህን» እየተባለ ሃያ ስድስት ማሽን ጠግኗል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ በአንድ አዳራሽ እንደሚሰበሰቡ ሰማ። ሁሉንም ባንድ ላይ ሊያገኛቸው ነው! ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ሲደርስ ከውስጥ «ንካልኝን ጥሩልኝ!» የሚል የምክትል ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ሰማ። ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሏል።

ንካልኝ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ደፈረ። «ክቡር ምክትል፣ እሠራዋለሁ፤ ግን ስትጨርሱ እነዚህን ይፈርሙልኛል?»

«ምን ማለትህ ነው! ስንት ዓመት ያገለገልከን ሰው! ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጨርሳለን፤ እኔ ራሴ አንድ በአንድ አስፈርማቸዋለሁ» አሉት፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ጥፋቱ የኬብሉ ነበር፤ ጫፉ ላልቷል። በእጅ ጫን አድርገው ሲይዙት ምስሉ ይመጣል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ሌላ ኬብል ለመግዛት ከጠየቀ ስምንት ወሩ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ኬብሉን ያዘ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሰዓቱ ከግድግዳው ምስል ጥግ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ይታየዋል። ዘጠኝ ከሃምሳ ሲል እጁ ዝሏል። «ክቡር ምክትል፣ አሥር ሰዓት እኮ ሊሞላ ነው» አለ ከሥር።

«አንዲት ገጽ ናት የቀረችን፣ ያዝልን እስቲ።»

ለምን አልለቀቀውም? ጥሎት ቢነሳ ምን ያደርጉታል? ያባርሩታል? እኔም እንዲህ እያልኩ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። ፈራ። ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሲነካ የኖረ እጅ፣ ሰው እያየ ማሽን አጥፍቶ መሄድን ከየት ያምጣው? ይዞ ቀረ።

የጨረሱት አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የሠራተኛ አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲነፋ ኃላፊዎቹ ተንጋግተው ወጡ። ምክትሉ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ሰኞ ጠዋት፣ ቃሌ ነው» አሉት። ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ሮጠ። ኃላፊዋ መዝገቡን ዘግታ ቦርሳዋን አንግታለች።

«አውቃለሁ፣ ከማንም በላይ የምትሠራው አንተ ነህ» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ግን ምን አያይዤ ልከራከርልህ?»

ወደ ቅርንጫፉ የተመደበበት ደብዳቤ ሰኞ ደረሰው። ባለ ፎርሙ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ «ስሜ ባይሰፍርበት የኔን ግማሹን በሰጠሁህ» አለ። የምር ነበር። ምክትሉም ደብዳቤውን የፈረሙት ራሳቸው ነበሩና የሰኞውን ቃላቸውን አላነሱትም።

ሐሙስ ዕለት እዚያው አዳራሽ ሽኝት ተደረገለት። ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። እያንዳንዱ እየተነሳ «እንግዲህ ያለ እሱ ምን ይውጠናል?» አለ፤ ያለቀሱም ነበሩ፣ የውሸታቸውንም አልነበረም። መጨረሻ ላይ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ትልቅ ካርድ ሰጡት።

ማታ እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አነበበላት። «የኦዲት ሰሞን ሰርቨሩን ያስነሳህልንን ቀን መቼም አልረሳውም» ይላል አንዱ። «የልጄን የልደት ፎቶ ከተሰበረው ፍላሽ ያወጣህልኝ ባለውለታዬ» ትላለች ሌላዋ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽኔን ዕለት በዕለት እየጠገንክ ያቆየህልኝ አንተ ነህ» ይላል የሕግ ክፍሉ ሰውዬ። ከየጽሑፉ ሥር፣ ስም ከነፊርማ።

እናቱ ካርዱን ከእጁ ተቀብላ በጣቶቿ ዳበሰችው። «ስንት ሰው ነው የፈረመልህ?»

«ዘጠና ሦስት።»

ፊቷ ፈካ። «ታዲያ ፊርማ አይደል እንዴ የጠየቁህ? ጠዋት ወስደህ አሳያቸው እንጂ ልጄ!»

«ጊዜው አልፏል እማዬ» አላት። እሷ ካርዱን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ እሱ ተነስቶ ልብሷን እያጣጠፈ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረ፤ እህቱ ጠዋት መጥታ ትወስዳታለች።